ለጡረታ ደብረ ብርሃን ወይስ ሐዋሳ? ባለቤቴና እኔ አልተስማማንም

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። አሁን ግን እቤት ተነጋግረን መጨረስ ያቃተን ነገር ስላለ እናንተን ልጠይቅ መጣሁ።

የምኖረው ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው። በመጪው ሐምሌ 60 ይሞላኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት 34 ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ኖሬ ልሰናበት ነው። ባለቤቴ መምህር ነበር፣ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ልጆቻችን ወጥተዋል። ሴቷ ውጭ አገር ናት። ወንዱ ጀሞ ተከራይቶ ይኖራል፣ በወር አንዴ ብቅ ካለ እግዜር ይስጠው።

ቤታችን ከእናቴ የቀረ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ሰፈሩ ሰፈር አልመስለኝ ብሏል። የማውቃቸው ሰዎች በየአቅጣጫው ተበትነዋል፣ እኛ እንደ አሮጊት ጥርስ እዚህም እዚያም ቀርተናል። መንገዱ አምሯል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ይህን አልክድም። ግን ስኳር ሲያልቅብኝ የምበደረው ጎረቤት የለኝም። ሰባ ደረጃ ደግሞ የባለቤቴን ጉልበት ጨርሶታል። ዳቦ ሊገዛ ወርዶ ሲመለስ ሦስት ቦታ ያርፋል።

እና አዲስ አበባን ለቀን እንሂድ በሚለው ተስማምተናል። ያጣላን የት የሚለው ነው። እሱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ከአባቱ የቀረ ቤት አለ፣ ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር የጋራ ነው፣ ለጊዜው አንድ ሰፊ ክፍልና ማድ ቤት ልንይዝ እንችላለን። የኔ ታናሽ እህት ደግሞ ሐዋሳ ከገባች 20 ዓመት አልፏታል። ግቢዋ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አላት፣ ኑና ያዙት ትለናለች። እኔ አስም አለብኝ። እሱ ጉልበቱ ነው፣ ደም ግፊትም አለበት።

በአየር፣ በኑሮ፣ በሕክምና፣ በመንገድ የትኛው ይሻላል? የኖራችሁበት ንገሩኝ። ፖለቲካ እንዳታስገቡብኝ አደራ።

*

ይህን የጻፍኩት ሰኞ ማታ ነበር። እስከ ቅዳሜ 29 መልስ ገባ። ዘግይተው የመጡ ሰዎች ምን ተባለ እያሉ በውስጥ መስመር ይጠይቁኛል፣ አንዱን መልስ ደግሞ አወያዩ ሰርዞታል። ስለዚህ የተባለውን በተራ በተራ ላውራላችሁ። ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

1. የመጀመሪያዋ ጨዋ ልጅ ናት፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ብላ ነው የጀመረችው። ሐዋሳ ስምንት ዓመት ኖራለች። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ሰው በብስክሌት እንደሚሄድ፣ ባጃጅም ከደጃፍ እንደማይጠፋ ነገረችኝ። ለጉልበት የሚሆን ከተማ ካለ እሱ ነው ባይ ናት። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዓሳ መግዛቱን፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው እኩል ተሰልፈው የዓሳ ሆድቃ ሲጠብቁ ማየቱን እንደ ፊልም ተረከችው። ብቻ የመጋቢትን ሙቀት ቀለል አድርጌ እንዳላየው አስጠነቀቀችኝ።

2. ይሄኛው የጻፈው የከተማውን ስም ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አለቀ። ምክንያት የለ፣ ሰላምታ የለ። አመሰገንኩት።

3. ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ ነው። ከተማው 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ አዲስ አበባን ብርዳማ የምትል ሴት እዚያ ምን ልትል ነው አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ሣሩ ነጭ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ውጭ ያደረ ባልዲ ውስጥ ስስ በረዶ ሰብሮ ፊቱን የታጠበበትን ጠዋት አይረሳውም። መጨረሻ ላይ ለአሮጊት አይሆንም የሚል ነገር ጣል አደረገ። ልጄ፣ 59 ዓመቴ ነው።

4. የከተማው ተወላጅ ቁጥር 3 ላይ ተነሳበት። ተማሪ ብርድ የሚበርደው አንድ ሹራብ ይዞ ስለሚመጣ ነው አለ። የአገሩ ሰው በርኖስና ባና አለው፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካውም የተተከለው እዚያው ከተማ ነው። ገብሱን፣ በሶውን፣ የመንዝን በግ ደረደረልኝ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለውንም አልረሳም። አያቱ 90 ዓመት አልፏቸው ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሳለማሉ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር፣ የኔን አስም ግን አንዴም አላነሳትም።

5. አስሜን ያነሳችው ነርሷ ናት። እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ የጠቀመኝ የለም። ለአስም ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ክፉ ነው፣ ከሱ የባሰው ደግሞ የኩበት ጭስ ነው አለችኝ፣ ደብረ ብርሃን ሁለቱም አለ። ስለ ደም ግፊቱ ግን ያን ያህል እንዳልሰጋ ነገረችኝ። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ለባለቤቴ የሚጨመረው ከፍታ ያን ያህል አይደለም፣ ዋናው መድኃኒቱን አለማቋረጡ ነው። ወዲያው ደግሞ ፊቷን ወደ ሐዋሳ አዞረች። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ነው የሚራባው፣ የሚበረታውም ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ከበልጉ ዝናብ በኋላም ይመለሳል። በዚህ ዕድሜ ወባ ከሌላ በሽታ ጋር ሲገናኝ ቀልድ አይደለም። አጎበር ሳይኖር እንዳልተኛ፣ ካተኮሰኝም ነገ ይለቀኛል ብዬ እንዳላድር አስማለችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ አስሙን የሚቀሰቅስብሽ ምንድነው ብላ። እኔ በኅዳር ፓፉን ከትራስ ሥር ነው የማሳድረው። መልሱ ይኸው መሰለኝ።

6. አንድ ቸኳይ ሰው የደመወዝሽን 70 በመቶ ጡረታ ይዘሽ ሐዋሳ እንደ ንግሥት ትኖሪያለሽ አለኝ።

7. ይቺኛዋ ሒሳብ የምትወድ ናት፣ ቁጥር 6ን በጨዋ ቋንቋ አረመችው። 70 በመቶ ጣሪያው ነው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል። የሚሰላውም በመጨረሻው ደመወዝ ላይ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ላይ ነው። የኔን 34 ዓመት አስልታ 60 በመቶ አገኘች። ጣሪያው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልግ ነበር። ክፍያው በባንክ ስለሚገባም ሐዋሳ ሆንኩ ደብረ ብርሃን ለውጥ የለውም። ይህን ሁሉ ዘመን የሰው የአገልግሎት ማስረጃ ሳወጣ የራሴን አስልቼ አላውቅም ብላችሁ ታምናላችሁ?

8. ስድሳም ሆነ ሰባ በመቶ የጤፍ ዋጋ አያውቃችሁም የሚል ነው። ተናዶ የጻፈው ይመስላል፣ ግን ውሸት አልተናገረም።

9. ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አጻጻፉ እንደ ንግግር ነው፣ ነጥብ አያውቅም። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ በሰንዳፋ፣ በሸኖ፣ በጫጫ አድርጎ ቁርስ በልቶ የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ሐዋሳ 275 ነው። እስከ ሞጆ በፍጥነት መንገዱ፣ ከዚያ በመቂ በባቱ፣ በሻሸመኔ፣ ደህና ቀን ከሆነ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ዋናው ምክሩ ግን ኪሎ ሜትር አትቁጠሩ ነው። ሌሊት ስልክ ተደውሎ ሰው ሞተ የተባላችሁ ዕለት፣ ወይ ሐኪሙ ጥቁር አንበሳ ውሰዷቸው ያለ ዕለት፣ የዚያን ዕለት መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ አለ። የደብረ ብርሃኑ መስመር በነዚህ ዓመታት ተዘጋ ተከፈተ ሲባል መክረሙንም ሳይሸፍን ተናገረ።

10. በዚህ የተቆጣ ሰው መጣ። የኛን መንገድ ብቻ ነጥላችሁ አታስፈራሩ፣ የት ነው ሰላም የሞላው አለ። ድምፁ ከፍ ያለ ነበር።

11. ሹፌሩ ተመልሶ 31 ዓመት በነዳበት መንገድ ላይ ማንንም የማስፈራራት ሐሳብ እንደሌለው፣ በሁለቱም አቅጣጫ መንገድ ላይ ያደረበት ቀን እንዳለ ጻፈ። ቁጥር 10 መልስ አልሰጠም። ላይክ ግን አድርጎለታል፣ አይቻለሁ።

12. እዚህ ላይ ነው የፈራሁት የመጣው። አንዱ የሰው ክልል ሄደሽ ምን ልትሆኚ ነው፣ ባልሽን ተከትለሽ ወገንሽ ጋ ግቢ አለኝ። ወገኔ ማን እንደሆነ ደግሞ እሱ ወስኖልኛል። እናቴ ከየት አባቴ ከየት እንደሆኑ በዚህ ክር ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል የለም እኮ።

13. መልስ የሰጠችው ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች ነጋዴ ናት። ከተማው በ2012 ሲዳማ ክልል ከሆነ በፊትም በኋላም ከሁሉም አገር የመጣ ሰው ይኖርበታል አለች። ቢሮ ስትሄዱ ሲዳምኛ ትሰማላችሁ፣ ገበያ ላይ አማርኛ ይበቃችኋል፣ ጥቂት ቃል ከተማራችሁ ደግሞ ቡርሳሜ ሳትበሉ የሚለቃችሁ ጎረቤት የለም። ለፍቼ ጨምበላላ ኑና እዩን ብላ ጋበዘችኝ፣ ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ነው። በመሐል ከተማው ላይ ችግር ተከስቶ የተጎዳ ሰው እንደነበረም አልደበቀችም። እሱን ባትደብቀው ነው ያመንኳት።

14. የተሰረዘው ይሄ ነው። አንብቤው ነበር፣ አልደግመውም። አወያዩ ከሥሩ ማስጠንቀቂያ ጻፈ፣ ክሩ ግማሽ ቀን ዝም አለ።

15. ዝምታውን የሰበረው አሜሪካ የሚኖር ወንድማችን ነው። ባለፈው ዓመት መጥቶ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ሳምንት አሳልፏል። ገነት ነው፣ ሁሉ ነገር ርካሽ ነው አለ።

16. በዶላር ለሚመነዝር ሁሉም ነገር ርካሽ ነው የሚል አጭር መልስ መጣለት። ክሩ ላይ እንደሱ የተወደደ መልስ የለም።

17. ለምን ቢሾፍቱ አትሄዱም የሚል ሰው ሳይመጣ አይቀርም ብዬ ነበር፣ መጣ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ አየሩ መካከለኛ ነው። ልክ ነው። ግን እዚያ ቤት የሚሰጠን ዘመድ የለንም።

18. ቢሾፍቱ ርካሽ መሬት የዛሬ 20 ዓመት ቀርቷል ብሎ ለቁጥር 17 የመለሰው ሰው፣ በዚያው ስለራሱ አወራ። በአንድ ከተማ ዳርቻ ከገበሬ ላይ በውል ብቻ ቦታ ገዛ። ደላላው ካርታው በሦስት ወር ይወጣል አለው። ካርታው አልወጣም፣ ግሬደር ግን መጣ። የጡረታ መውጫ ብሎ ያጠራቀማት ገንዘብ እዚያ ሜዳ ላይ ቀረች። ካርታ በእጃችሁ ካልያዛችሁ አንድ ድንጋይ እንዳትከምሩ አለን። እኛ የምንገዛው የለንም፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው ያወራሁት።

19. አንድ የዕድር ዳኛ ናቸው። እርጋታቸው ከጽሑፋቸው ይታያል። ስለ አየሩም ስለ ጤፉም ሰማን፣ ዕድርሽን ምን ልታደርጊው ነው ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ልናገር፣ አላሰብኩበትም ነበር። ዕድሩ እናቴን ቀብሯል። ድንኳኑ አንድ ሳምንት ደጃችን ላይ ቆሟል፣ ሴቶቹ በተራ ወጥ ሠርተዋል። እሳቸው እንዳሉት በእሳቸው ዕድር ሩቅ የሄደ አባል መዋጮውን በባንክ እየላከ ሊቆይ ይችላል፣ ሲሞትም ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይደርሳል። ገንዘብ ግን ሬሳ አይሸከምም አሉ። አዲሱ ቦታ ሄደሽ ዕድር ልግባ ስትዪ ደግሞ የመግቢያው ክፍያ አለ። ያ ክፍያ ያልነበርሽበትን የዓመታት መዋጮ ማካካሻ ነው፣ ድንኳኑንም ወንበሩንም የገዛው ያ ገንዘብ ነውና። አንዳንዱ ዕድር በዕድሜ የገፋ ሰው ሲመጣበት ፊቱን ያጠቁራል፣ ሳይቆይ የሚከፍልለት እሱ ስለሆነ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የዘመዶቻችሁን የዕድር ዳኛ ፈልጋችሁ አነጋግሩ፣ የአየር ሁኔታውን ኋላ ትደርሱበታላችሁ አሉን።

ማክሰኞ ለዕድራችን ጸሐፊ ደወልኩላቸው። ስንት አባል ቀርተናል ስላቸው ቁጥሩን አልነገሩኝም፣ ደብተሩን ማየት አልወድም አሉኝ።

20. ስለ ቀበሌ ቤቱ የጻፈችው ሴት ሳትለሳልስ ነው የተናገረችው። ድሮ ወረዳ ላይ ትሠራ ነበር። መሸኛ ያወጣሽ ቀን ቁልፍሽን አስረክበሻል ማለት ነው፣ የቀበሌ ቤት አይከራይም፣ ለልጅ ይቆይልኝም አይባልም አለች። አየሩ ካልተስማማኝ እመለሳለሁ እያልሽ ከሆነ ራስሽን እያታለልሽ ነው፣ የምትመለሺበት የለሽም። ማስፈራራቷ አልነበረም። ጥያቄዬ ውስጥ እኔ ራሴ ያላየሁትን ነገር አውጥታ አሳየችኝ። እኔ የትኛው ይሻላል ብዬ ነበር የጠየቅኩት፣ ጉዳዩ ግን መመለሻ የሌለው መሆኑ ነው።

21. ሰርቪስ ቤቷን አንሥቶ የጻፈው ሰው በወንድሙ ግቢ ሁለት ዓመት ኖሯል። እንግዳ አንድ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር የሚለውን ጠቅሶ እሱ መዳብ ላይ እንደደረሰ አጫወተን። ጠቡ የተጀመረው በውሃ ቆጣሪ ነው። ቀጥሎ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ቀጥሎ በር ማን ይዝጋ ላይ። ዛሬ ከወንድሙ ጋር የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። ኪራይ ክፈሉ፣ ጥቂትም ብትሆን በየወሩ ክፈሉ፣ ሲከፍሉ ነው እህትነት የሚቆየው አለ። ይህን ለእህቴ አንብቤላት ተቀየመችኝ። ገና ሳልገባ!

22. በደብረ ብርሃኑ ቤትም ያው ነው አለ ሌላው። የጋራ ውርስ ላይ ኑሮ መመሥረት እሾህ ላይ መተኛት ነው። ዛሬ ዝም ያሉት ወራሾች ግድግዳውን ቀለም የቀባችሁ ዕለት ድርሻችን ይላሉ። ተቀመጡና ክፍፍሉን በጽሑፍ ጨርሱ፣ ካርታው ላይ ማን እንደተጻፈም አጣሩ ብሎ መከረ። የባለቤቴ ወንድም ሁለት ጊዜ ስለ ቀለም ጠይቆናል። አሁን ነው የገባኝ።

23. ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። ታሪክ የሚወድ ልጅ ገብቶ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሳቸው የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት ደብረ ብርሃን ነው፣ ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ነው ስሙ የወጣለት፣ ንጉሥ ጡረታ የወጣበት ከተማ ለናንተ አነሰ ወይ አለ።

24. አስተማሪ የሚመስል ሰው ንጉሥ ጡረታ እንደማይወጣ፣ ዘርዓ ያዕቆብ እስከ ሞቱ ድረስ በዙፋኑ ላይ እንደነበረ አስተካከለው። ቀልድ አይገባውም መሰለኝ።

25. አንዷ ደግሞ የፒያሳ ማኪያቶ ሳልጠጣ እንዴት ልኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሐዋሳ የሲዳማ ቡና አገር መሆኑን ቁጥር 13 በአንድ ቃል አስታወሰቻት። ቁጥር 25 ቡናና ማኪያቶ አንድ አይደሉም አለች፣ እዚያው መልሷ ውስጥ ጨምራ። በዚህስ አግዛታለሁ።

26. ሐሙስ ማታ አንድ አዲስ ሰው ጻፈ። ስም የለው፣ ፎቶ የለው፣ የመጀመሪያ ጽሑፉ ነው። ስለ ጉልበት ብዙ ተብሏል፣ ባለ ጉልበቱን ግን የጠየቀው የለም ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ ማን እንደሆነ አወቅኩ። በዚህ ዘመን ነጠላ ሰረዝ እንደዚያ አሳምሮ የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው አላውቅም። ባለቤቴ ነው። እኔ ሳሎን፣ እሱ መኝታ ቤት፣ መሐላችን አንድ መጋረጃ አለ።

ቤቱን ብሎ አይደለም ደብረ ብርሃን የሚለው። የጋራ ውርሱ እሾህ መሆኑን ከቁጥር 22 በፊት ያውቀዋል። ብርዱንም ያውቀዋል፣ ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ ጣቱ ደርቆ ጅራፍ መያዝ ያቅተው ነበር። አባቱም እናቱም ሥላሴ ነው የተቀበሩት። እሱም እዚያ እንዲቀበር ይፈልጋል። ሚስቱ ስለ አስሟ ስታወራ የመቃብር ወሬ ማንሣት ስላሳፈረው ነው ስለ ገብስና ስለ በሶ ሲያወራ የከረመው። የዕድር ዳኛውን ከልቡ አመሰገነ። ለቁጥር 3 ደግሞ ባለቤቴ አሮጊት አይደለችም አለልኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ይህን አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ለሃያ ምናምን የማያውቃቸው ሰዎች ነገራቸው።

27. ይቺ የኔ ናት። ብዙ ነገር ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ እራት ቀርቧል ብዬ ብቻ ላክሁ። ሰዉ ሳቀብን።

28. ነርሷ ተመለሰች። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አንዳችሁ ስለ መኖር ሌላችሁ ስለ መቀበር ስለምታወሩ ነው ያልተግባባችሁት አለች። ሐሳቧ ቀላል ነው። ቁልፍ ሳታስረክቡ፣ መሸኛ ሳታወጡ ሁለቱንም በክፉ ወራቸው እዩአቸው። ደብረ ብርሃንን በኅዳር፣ ሐዋሳን በመጋቢት። ሁለት ሁለት ሳምንት። ፓፍሽን ስንቴ እንደሳብሽ፣ እሱም መድኃኒቱን ስንቴ እንደረሳ በወረቀት ያዙ። ከዚያ ቀጥላ ሐዋሳ የኖረ ሰው ደብረ ብርሃን መቀበርን የሚከለክለው ነገር የለም፣ ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ገንዘቡን ካስቀመጣችሁ አለች። ባለቤቴ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን ሲያወልቅ ሲያደርግ ቆጥሬያለሁ።

የዓመት ፈቃዴ አለ። ለኅዳር ሞልቼዋለሁ። በርኖሱ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ብል ሳይበላው አይቀርም፣ ነገ አወጣዋለሁ።

29. የመጨረሻው ሹፌሩ ነው። ለደብረ ብርሃን ላምበረት መናኸሪያ፣ ለሐዋሳ ቃሊቲ እንደሆነ ነገረን፣ እንዳትሳሳቱ ብሎ። ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጡ በስተቀኝ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ ፀሐይዋ በዚያ በኩል ስለምትመጣ ብርዱ ይቀላል አለ። ባለቤቴ ወዲያው በውስጥ መስመር ጻፈለት፣ እንግዲያው በስተቀኝ ሁለት ወንበር ያዝልን ብሎ። ሰውየው ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው።